ሰላምታ የበላው ሦስት ደቂቃ

ልጄ ዑመይር፣ እዚያ ደቡብ አፍሪካ ካለህበት አላህ ይጠብቅህ። ሰላምታውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፤ ዘንድሮ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

ቅቤ ተራችንን ከመሀል ከተማ አንስተው ከከተማው ጫፍ፣ ቦረቦሩ ዳር ሊወስዱት ነው ብዬህ ነበር። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ቀን፣ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ቅሬታችንን ሊሰሙ አዳራሽ ሰበሰቡን። አብረውኝ ቅቤ የሚሸጡት ሴቶች «አሚኔ ትናገርልን» ብለው ገፉኝ፤ ማይክ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ተባለ።

አንተ በስልክ «እማ፣ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ግቢ» ብለኸኝ ነበር። ግን ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ፣ እንዴት ሰነበታችሁ ሳልል ነገር ልጀምር? ሰላም አልኩ። የታመሙትን ሐጂ ጤና ጠየቅሁ። ለዝናቡ ዱዓ አደረግሁ፤ ሰብሳቢው ሳይቀር እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ። «እንግዲህ የመጣሁበት ጉዳይ» ስል፣ በዚያው አፉ «ጊዜሽ አልቋል፣ እናመሰግናለን» ብሎ ማይኩን ከእጄ አስወሰደ።

ይኸው አሁን በኮባ የጠቀለልነውን ቅቤ ይዘን ቦረቦሩ ዳር ተቀምጠናል። ፀሐይ ያቀልጠዋል፤ ከእንሴኖ ከተማ የሚመጣው ቅቤ ገዢ እዚህ ድረስ አይወርድም። ሴቶቹ አልወቀሱኝም። ከእኔ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ እንጂ።

ይህን ለማን ላውራው? አንተ ስትደውል ገና «ጤናህስ» ስልህ «እማ፣ ቶሎ በይ፣ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ቆሟል» ትለኛለህ። የአዳራሹ ሰዎች እንኳ ሦስት ደቂቃ ሰጥተውኛል።

አላህ ሪዝቅህን ያስፋልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ ለአገርህ ያብቃህ። አንድ ጁምዓ ሱቁን ዘግተህ ደውልልኝ። ስለ ገበያው አላነሳም፤ ሰላምታዬን ብቻ አስጨርሰኝ።

እናትህ አሚኔ