«ቤቶች!» ብዬ የተጣራሁበት በረሃ

ሆፕኪንስ፣ ሚኒሶታ
መስከረም 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዱጋሳ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደስ ብሎኛል፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ባለፈው ደውለህ «እትዬ፣ የጎረቤታችን የከሚሪያ ጣሪያ በዝናብ ወደቀ፤ ልጆቿን ይዛ የእማዬ ቤት ትግባ» ስትለኝ፣ «የእማዬ ስኒ ከጠረጴዛው ንቅንቅ እንዳይል!» ብዬ ስልኩን ጆሮህ ላይ ዘጋሁት። ይቅር በለኝ። እማዬ ካረፈች አራት ዓመት ሙሉ ቁልፉን አንተ ኪስ ውስጥ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ልጄ ሶሬቲ እረፍት ወጥታ ወደ ካሊፎርኒያ በረሃ ወሰደችኝ። ድራይቭ የምታደርገው እሷ፣ የምለፈልፈው እኔ። የደረስንበት የድሮ ማዕድን ከተማ ነው፤ ወርቁ ሲያልቅ ሰዉ እንዳለ ጥሎት የሄደ። ዛሬ ለጎብኚ ተብሎ ምንም ሳይነካ ይጠበቃል። እኛ የወርቅ ሠፈር ልጆች አይደለን? የተቆለለውን አፈር፣ የዛገውን ጋሪ ሳይ ሻኪሶ የገባሁ መሰለኝ። አባዬ በየት በኩል ብቅ ይል ይሆን አልኩ።

አንዱ ቤት በሩ ክፍት ነበር። ደጃፉ ላይ ስደርስ አፌ አላስቻለውም፤ «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ።

ሶሬቲ በሳቅ ሞተች። «ማሚ! ኖባዲ ሊቭስ ሂር! ማንም አይኖርበትም እኮ!»

«ዝም በይ፣ የሰው ቤት ዘው ተብሎ አይገባም!»

ጠባቂው ሽማግሌ ምን እንዳልኩ ጠየቃት፤ አስረዳችው። ባርኔጣውን አወለቀ። «ስንቱ ሲገባ አይቻለሁ፤ ያስፈቀዱት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለኝ።

ገባሁ። ጠረጴዛ፣ ሁለት ሳህን፣ አንድ ስኒ። ስኒው አቧራ ሞልቶበታል። ሁሉም በየቦታው አለ፣ ዱጋሳ፤ «ግቡ» የሚል ብቻ የለም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። የእማዬ ደጅ ላይ ሁለቴ የተጣራ ሰው ታውቃለህ? ገና አፉን ሲከፍት «ግቡ፣ ግቡ!» ነበር እኮ! እኔ ሐዘኔን ላስታምም ብዬ ቤቷን ዲዳ አደረግኩባት።

ከሚሪያን ዛሬውኑ አስገባት። ስኒውንም አጥባ ትጠጣበት። ልጆቹ ቢሰብሩትም አልቆጣም። እሺ፣ ትንሽ እቆጣለሁ።

ለገና እመጣለሁ፤ ትኬቱን ቆርጫለሁ። መናኸሪያ ድረስ መጥተህ እንዳትቀበለኝ። ብቻዬን መጥቼ የእማዬ ደጅ ላይ ቆሜ እጣራለሁ። ከውስጥ የሚመልስልኝ ሰው ይኑር።

እህትህ ኢብሲቱ