ካርታሽን የተዋወቅሁበት ዓርብ

የኔዋ አስኑ፣

እንደምን ሰነበትሽ ልል ፈለግሁና ብዕሬ ያዝ አደረገኝ። ያለሽበት ቦታ ደህንነት የሚጠፋበት አይመስለኝም፤ ስለዚህ ደህና ነሽ ብዬ ልጀምር። ከተለያየን ሁለት ፋሲካ አለፈ። የመጀመሪያውን ፋሲካ እኔና ልጃችን ቤዛ ዶሮውን ፊት ለፊታችን አስቀምጠን ሳንነካው ዋልን። ሁለተኛውን እሷው ሠርታ፣ ጨው አብዝታበት አቀረበችልኝ። እኔም ጭጭ ብዬ በላሁ። በኋላ ራሷ ስትቀምሰው ፊቷ ተጨማደደና ሁለታችንንም ሳቅ አመለጠን። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

ቤቱ ያው ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ያለው ክፍላችን ነው። አከራዩ ደረጃውን ቀለም ቀባ፤ ማቀዝቀዣውን ግን አልነካውም፣ እንደ ድሮው እያጓራ ይሠራል። ቤዛ መጋረጃሽን ቀየረችው። ተቆጣሁና አሮጌውን መልሼ ሰቀልኩ፣ ሳየው ደግሞ ተቀዷል፣ አፈርኩና አዲሱን መለስኩላት። እኔም እንደምታውቂኝ ሳፋ ሰፈር ላሉት ማዳም መኪና እነዳለሁ። ፀጉሬ ሸብቷል፤ ቤዛ አምሮብሃል ትለኛለች፣ ውሸቷን ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ካርታሽ ነው። አዎ፣ ስስቅበት ስለኖርኩት ካርታ። ሳፋ በምታጸጂው ቪላ አብራሽ ትሠራ የነበረችው ፊሊፒንዋ ሊንዳ ጠቅልላ አገሯ ስትገባ የሰጠችሽ። ባለ ሥዕሉን የዕጣ ካርታ እሷ ታሮት ትለው ነበር፣ አንቺ ካርታዬ። እኔ «የሊንዳ ጥንቆላ» ስልሽ፣ «ጥንቆላ አይደለም፣ የልብ ማጫወቻ ነው» ትዪኝና ፊትሽን ታዞሪብኛለሽ። እዚህ አገር እንዲህ ያለው ነገር ሲህር ይባላል፤ በተያዘ ሰው ላይ ቀልድ የለም። ስለዚህ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አድርገሽ ከላዩ ምስር ታፈሽበት ነበር። አንድ ቀን አንቺ ሥራ ውለሽ ወጥ ልሥራልሽ ብዬ ከነምስሩ ድስት ውስጥ ልገለብጠው ስል የደረስሽብኝ ትዝ ይለኛል። ያን ቀን የጮኽሽውን ጩኸት አሠሪዬ ከፊሌም አልጮኸብኝ።

ሊንዳ ያስተማረችሽ በወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ «ሀዳ ኩወይስ፣ ሀዳ ሙ ኩወይስ»፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ ጥሩ አይደለም፣ አለቀ። የቀረውን አንቺ ሞላሽው። ሥዕሎቹን በሙሉ አዲስ ክርስትና አነሳሻቸው። ትራስ ላይ ደልደል ያለችው ባለዘውድ ሴት ማዳም ተባለች። ድንጋይ ወንበር ላይ ግንባሩን ቋጥሮ የተቀመጠው ሽማግሌ ከፊል ሆነ፣ የሁላችን ወረቀት በእጁ ያለው አሠሪ። ጨርቁን በዱላ አንጠልጥሎ ሰማይ ሰማይ እያየ ገደል አፋፍ ላይ የቆመው ልጅ ደግሞ አዲስ መጪ። ያ ዘመን የአገራችን ልጆች ለቤት ሠራተኝነት አውሮፕላን እየሞሉ የሚመጡበት ነበርና ያንን ካርታ ያየች ሁሉ «ይሄማ እኔ ነኝ፣ ጅዳ የወረድኩ ቀን!» እያለች ትስቅ ነበር። ዓርብ ዕረፍት ያላት ሁሉ ከሳፋም ከካራንቲናም መጥታ ጫማዋን ደጃችን ታወልቃለች። እኔ ደግሞ ከቤቴ ተባርሬ መኪና ውስጥ እተኛለሁ።

አንዷን ካርታ ግን ቶሎ ከመካከላቸው አወጣሻት። ረጅም ሕንፃ ነበረባት፣ ከላይ ሰው የሚወድቅባት። ከልጆቹ አንዷ ከምትሠራበት ቤት ሰገነት የወደቀች ጊዜ ካርታዋን የጋዙ እሳት ላይ ያዝሽና ነዳ እስክታልቅ አየሻት። «ይሄን ለማንም አልዘረጋም» አልሽኝ። ያን ቀን ስለ ካርታሽ የምቀልደው አጣሁ።

ነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ጊዮርጊስ ነበር። ካርታው አሮጌ ነው፣ ከሊንዳ በፊት የያዙት ሰዎች አውራ ጣት ፊቱን ልጦታል። ግን የብረት ልብስ ለብሷል፣ ባንዲራ ይዟል፣ ፈረሱም ነጭ ነው፤ ለእኛ ሰው ሌላ ማን ሊሆን ነው? እሱ ሲወጣ ሴቶቹ እልል ሊሉ ይቃጣቸዋል፣ አንቺ ጎረቤት እንዳይሰማ አፋቸውን በእጅሽ ትይዣለሽ። በሽታው የጠናብሽ ሰሞን ለራስሽ ዘረጋሽ፣ እሱ ወጣ። «ደረሰልኝ» አልሽኝ። ፊትሽ በራ። እኔም የማላምነው ሰውዬ አብሬሽ ደስ አለኝ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ልጃችን ነርስነት ልትማር ደብረ ብርሃን እህትሽ ወይንሸት ዘንድ ለመሄድ ተነሳች። ትምህርት ቤቱ ተቀበላት፤ የመውጫውን ወረቀት፣ ኹሩጁን፣ ከፊሌ ያለ አመሉ ቶሎ ጨረሰው። ወረቀቱ ደግሞ ቀን አለው፣ ካለፈበት ሁሉም እንደገና ነው። በእሱ ከወጣች እዚህ መመለሻ የላትም፣ እኔም ሥራዬን ጥዬ ልከተላት አልችልም፣ የምትማረው በዚሁ ሥራ ነውና። የቀረው የእኔ እሺታ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከአፌ አልወጣ አለ።

ፈራሁ አስኑ። ሌላ ስም የለውም። ከሥራ ስገባ «አባ፣ መጣህ?» የሚለኝ ድምፅ ከሌለ በዚያ ክፍል ምን እሆናለሁ? አንቺ የሄድሽ ጊዜ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሳይታደስ ስለነበር አስከሬንሽን ተከትዬ አገር መግባት አልቻልኩም። ሣጥንሽን ኤርፖርቱ የዕቃ በር ላይ ሸኝቼ፣ ባዶ መኪና ይዤ ተመለስኩ። በዚያ መንገድ ሁለተኛ ሰው ሸኝቼ መመለስን ሳስበው መንገዱን ጠላሁት። ስለዚህ ሰበብ እደረድር ጀመር። አገሩ ብርድ ነው አልኩ። ወይንሸት ቁጡ ናት አልኩ፤ ይቅር ትበለኝ። ቤዛ ስትሰማኝ ሰንብታ፣ «ያላ አባ፣ እሺም በል እንቢም በል፣ ግን ኸላስ፣ አንዱን በል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

በዚያው ሳምንት ማዳምን ለዑምራ ወደ መካ ወሰድኳቸው። እንደተለመደው እኔ ክርስቲያኑ ከኬላው አላልፍምና መሪውን ወንድማቸው ተረከበኝ፣ እኔ ማደያው አጠገብ ሻይ ይዤ ተቀመጥኩ። ከድጃ ጋ ደወልኩ። የመካዋ ጓደኛሽ፣ የወሎ አያቶቿ ለሐጅ መጥተው የቀሩባት፣ እሷም እዚያው ተወልዳ ልብስ ስፌት የከፈተችው ከድጃ። ስለ ካርታው «አስተግፊሩላህ፣ ጣይልኝ ይሄን!» ብላ ስትቆጣሽ ቆይታ፣ መጨረሻ ላይ «ለመሆኑ ምን ወጣ?» የምትልሽ ከድጃ። ከባሏ ጋር ወርዳ መጣች። በፌስታል ወፍራም ቀሚስ አመጣች፣ ለቤዛ የሰፋችው፣ ለደብረ ብርሃን ብርድ። ገና እኮ አልወሰንኩም ስላት፣ «ወላሂ፣ አንተ እስክትወስን ጨርቁ ያረጃል» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ሳቋን ትታ፣ አንቺ ብትኖሪ ምን ትዪ እንደነበር ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር።

ለዚህ ነው ዓርብ ከሰዓት፣ ሰፈሩ ጭር ሲል፣ ቆርቆሮውን ያወረድኩት። ቤዛ ያበድኩ መስሏት አየችኝ። እኔ ግን ሊንዳ ያለችሽን አስታወስኩ። ካርታ እጅ ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት ቸኩሎ ስለ ራሱ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ካርታውን ስለ ካርታው ይጠይቃል፣ ይተዋወቃል። አንቺም ስታስረጂኝ፣ አዲስ ቤት የገባች ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሯ በፊት የማዳሟን ዓይን እንደምታጠናው ነው ብለሽኝ ነበር። ማንነቱን፣ የሚችለውን፣ የማይችለውንና ሊያስተምር የመጣውን ትጠይቂዋለሽ። እኔም እንደዚያው በወዝኩ። ቤዛ ሥዕሎቹን ከስልኳ እያመሳከረች ልትነግረኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

ማነህ ብዬ አወጣሁ። ማዳም ወጣች፣ ከነትራሷ። ሎሌው እኔ መሆኔን ገና ስንገናኝ ነገረኝ። ምን ትችላለህ ስለው ሦስት ሴቶች ጽዋ አንስተው የሚጨፍሩበት ወጣ፣ ዓርብ ብለሽ የሰየምሽው። እንባዬ መጣ። ያ ካርታ ከመጣ ጀምሮ የሠራው ሥራ ይኸው ነበር፣ ብቸኛ ልጆችን አንድ ምንጣፍ ላይ መሰብሰብ። ምን አትችልም ስለው ከፊል ወጣ፣ ያ ግንባረ ቋጣራ። ቤዛ ከስልኳ አነበበች፤ የሚያዝ፣ የሚወስን ሰው ነው ይላል አለችኝ። አየሽ፣ ካርታሽ አላታለለኝም። መወሰን የእኔ ሥራ አይደለም አለኝ በግልጽ።

ሊያስተምረኝ የመጣውን ስጠይቅ ጊዮርጊስ ወጣ። እሰይ ብዬ ቀና ስል ቤዛ ስልኩን ልትደብቅ ፈለገች። ከእጇ ተቀበልኳት። ያው ነጭ ፈረስ፣ ያው ባንዲራ፤ ግን የስልኩ ሥዕል ፊቱ አልተላጠም። የራስ ቅል ነው። ሞት ነው ስሙ። «ጊዮርጊስ አይደለም፣ አባ» አለችኝ፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስል በቀስታ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ያ የበራው ፊትሽ መጣብኝና ካርታውን ልቀደው ያዝኩት። ከዚያ፣ አንቺም ትስቂ እንደሁ እንጃ፣ ሳቅ ያዘኝ። ሞት ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ስንት ዓርብ እልል ሊባልለት ኖሯል! በዚህ በሰፊው ዓለም እንዲህ ያለ አቀባበል ያደረግንለት እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ቤዛም ሳቀች፣ ስትስቅ አለቀሰች፣ ከዚያ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው አነበበችልኝ። የሥጋ ሞት ማለት አይደለም ይላሉ፤ አንዱ ነገር አልቆ ሌላው ሊጀምር ነው ማለት ነው። ከፈረሱ ወዲያ ማዶ ላይ ፀሐይ አለች አለችኝ። ካርታሽን አስጠግቼ አየሁ፤ እውነትም አለች፣ ትንሽዬ። አንዳችንም አይተናት አናውቅም። ሊንዳ ነግራሽ ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ ግን ዛሬም ጊዮርጊስ ነው እላለሁ። ከዚያ ሁሉ ስቃይ መጥቶ የወሰደሽ የራስ ቅል ከሚሆን እሱ ይሁንልኝ።

ካርታውን ሰብስቤ ቆርቆሮው ውስጥ መለስኩ፣ ምስሩንም አፈሰስኩበት። ከዚያ እሱ የማይችለውን ሠራሁ። «ሂጂ ልጄ» አልኳት። ትዘላለች ብዬ ስጠብቅ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ተንሰቀሰቀች። ለካ እሷም ፈርታ ኖሯል። እንቢ ብላት ከእኔ እንደተጣላች መቅረት ይቀላት ነበር። ሁለት ፈሪዎች ነን አስኑ፣ የፈሪ ልጅ ከየት ታመጣው!

በሄደች ቀን የከድጃን ወፍራም ቀሚስ በጅዳ ሙቀት ለብሳ ላቧ ይንጠፈጠፍ ነበር፣ አውልቂው ብላት አሻፈረኝ አለች። ኤርፖርቱ የመንገደኛ በር ላይ ግንባሯን ስሜ አሳለፍኳት። ወደ መኪናዬ ስመለስ መንገዱን አልጠላሁትም። ይሄንን ልነግርሽ እፈልጋለሁ። ከፋኝ፣ አዎ፤ ግን በሕይወት ያለ ሰው መሸኘት ሌላ ነው። ሲደርስ ይደውላል።

ደወለችም። በማግስቱ ከወይንሸት ጋር አንቺ ጋ መጥታ ነበር። በስልኩ መቃብርሽን አሳየችኝ፤ እስከዚያች ቀን አይቼው አላውቅም። ዙሪያው ለምለም ነው፣ እህትሽ አበባ ተክላበታለች። ያንን ቦታ በሐሳቤ ስሥለው ደረቅና ጨለማ ነበር፣ እውነተኛው ግን ብርሃን አለው። ቤዛ ስልኩን ድንጋይሽ ላይ አስጠግታ «አውራት አባ» አለችኝ። ማዳምን ገበያ ደጅ እየጠበቅሁ መኪና ውስጥ ነበርኩ። አንድ ቃል አልወጣኝም። ብዙ ከጠበቀችኝ በኋላ፣ ጻፍልኝና እኔ አነብላታለሁ አለች።

ስለዚህ ይሄን ሁሉ የሰማሽው በእሷ ድምፅ ነው። ያንቺን ድምፅ ወርሳለች፣ አስተውለሽ ይሆናል። እኔ በሕይወት እስካለሁ ስምሽ ከዚያ ክፍል አይጠፋም፤ ጠዋት ስወጣ ደህና ዋይ፣ ስገባ ደህና አመሸሽ እልሻለሁ፣ ጎረቤት ብቻውን ያወራል ቢልም ይበል። ቀኔ ሲደርስና አገሬ ስገባ መጀመሪያ የምመጣው አንቺ ጋ ነው።

ቤዛዬ፣ ያባት ጽሑፍ እዚህ ላይ አለቀ። የከበደሽን ቃል ዘለሽው እንደሆነ ግድ የለም። አሁን ወረቀቱን እጠፊና ስለ ትምህርትሽ ራስሽ ንገሪያት። ስልኩን አትዝጊው፤ እዚህ ነኝ፣ እሰማለሁ።