ሐምራዊ የሚሆነው ወረቀት

«ወረቀቱን ለባትሪ ፋብሪካው ሸጣ አፏን ዘጋች» የሚለውን ወሬ የሰፈራችን ባለሱቅ ለዓመታት ሲደጋግመው ኖሯል። ዛሬም ከቀብርተኛው ኋላ ቆሞ ሹክ ማለቱ አይቀርም። እሱ ሹክሹክታውን እስኪጨርስ እኛ የአክስታችንን ታሪክ ከልደታቸው እንጀምር።

በቤት ስማቸው እታለም የምንላቸው ውድ አክስታችን ከባትሪ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። መኝታ ቤታቸውን ከአባታቸው ጋራዥ የሚለየው አንድ መጋረጃ ነበር። መጋረጃው ላይ ሁልጊዜ ግራጫ አቧራ ይቀመጣል፤ እናታቸው ቢያራግፉትም በማግስቱ ተመልሶ ያድራል። የባትሪው እርሳስ ምድጃ ላይ ሲቀልጥ እታለምና ታናሽ ወንድማቸው አጠገቡ ተቀምጠው ያጠኑ ነበር።

የአባታቸው እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር «ብርድ ነው» አሉ። ኩባያ ማንሳት ሲያቅታቸውም ብርድ ነው አሉ። እታለም ሁለተኛ ደረጃን አንደኛ ወጥተው ሲያጠናቅቁ አባት በሕይወት አልነበሩም።

ዩኒቨርሲቲ ገብተው ኬሚስትሪ አጠኑ፤ እስከ ዶክትሬት ገፍተውበት እዚያው መምህር ሆኑ። ከአንድ የሒሳብ አስተማሪ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ከብዙ ድካም በኋላም እጅ ሲጠረግበት፣ አባታቸውን የመረዘውን እርሳስ ካገኘ ሐምራዊ የሚሆን እርጥብ ወረቀት ሠሩ። ተማሪዎቻቸው «ወይዘሮ ወረቀት» ብለው ስም አወጡላቸው፤ ይወዱት ነበር።

መጀመሪያ የሞከሩት በወንድማቸው እጅ ላይ ነው። እሱ የአባቱን ሙያ ይዞ ባትሪ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር። እጁን በሳሙና ፈትጎ ታጥቦ መጣ፤ ወረቀቱ ሐምራዊ ሆነ።

«እታለም፣ ቀለምሽስ ያምራል» ብሎ ቀለደ። እሳቸው አልሳቁም።

ፈጠራው የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነውና፣ የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮው የማምረቻ ፈቃዱን ሌላ ማንም እንዳይነካው አድርጎ ለአንድ ድርጅት ሰጠ። ባለሱቁ እዚህ ላይ ጆሮውን ያቁም፦ የፈረመው ቢሮው እንጂ እሳቸው አይደሉም። ፈቃዱን ጠይቆ የወሰደው ደግሞ ያው ወንድማቸው የሚሠራበት ፋብሪካ ነው። ወሰደ፤ አንዲት ወረቀት ሳያመርት አስቀመጠው። ፋብሪካ የሠራተኛውን እጅ የሚያጋልጥ ነገር ለምን እንደሚፈልግ የጠየቀ አዋቂ አልተገኘም።

እታለም በየወሩ የቢሮውን ደረጃ ወጡ። ወረቀታቸው እዚያ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ከዋንጫ አጠገብ ለእንግዳ ይታይ ነበር። ኃላፊው በአክብሮት ከወንበራቸው ተነስተው «ዶክተር፣ እጃችን ታስሯል፤ ውል ነዋ» ብለው ይሸኟቸዋል። በዚያው ሰሞን የወንድማቸው ኩባያ ከማስቀመጫው ጋር ይንኳኳ ጀመር።

«ብርድ ነው» አለ።

የልጅነታቸው አቧራ ከእሳቸውም አጥንት አልወጣም ነበር፤ ውሎ አድሮ ኩላሊታቸውን ጨረሰው። ሆስፒታል ተኝተውም ጠያቂ በገባ ቁጥር የሚሉት «ቢሮው ምን አለ?» ነበር። መልስ ሳያገኙ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ዛሬ ማንኪያውን ልጁ የምትይዝለትን ታናሽ ወንድማቸውን ትተውልን ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን አቧራ በማይደርስበት ቤት ያሳርፍልን።

ትናንት የቢሮው ኃላፊ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ ሊያጽናኑን ብለው አንድ ነገር ነገሩን። ፋብሪካው በሦስት ዓመት ውስጥ ካላመረተ ፈቃዱ በራሱ እንዲሰረዝ በውሉ ተጽፎ ኖሯል። ከተሰረዘ ስድስት ዓመት አልፎታል።

«ከፈረምን ወዲህ ውሉን ገልጦ ያየው አልነበረም» አሉ።