ለቤትህ ያጠራቀምኩት ዛጎል

ለተወደድክ ወንድሜ ለላቲር፣

ከእናታችን አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ በእሷም በእኔም ስም ሰላም እልሃለሁ። እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ? በሰው አገር የምትሠራበት የቲማቲሙ ፕላስቲክ ቤት ሙቀት ዘንድሮም እንዳምናው ነው? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ ስልክ ላይ እያፈንከው ነው? እናታችን ዓይኗ ከዳት እንጂ ትበላለች፣ ትቆጣለች፤ ስለዚህ ደህና ናት። እኔ ግን ደክሞኛል። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ መሐል ላይ ብነጫነጭ እንዳትቀየመኝ ነው።

ባለፈው በስልክ «የቤቴ ሊሾ መቼ ነው የሚፈሰው?» ስትለኝ «መስመሩ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁብህ። መስመሩ ደህና ነበር። በደብዳቤ መዋሸት ስለሚያቅተኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ትልቁን የዛጎል ጉብታ ባሕሩ እየበላው ነው። በዚህ ክረምት የምዕራቡ ጎን ተንዶ፣ አናቱ ላይ የቆመው የትልቁ ዛፍ የባኦባቡ ሥር ወጥቶ ይታያል። የጥንቶቹ ሰዎች የውስጡን ሥጋ እየበሉ ዛጎሉን ሲከምሩ፣ ሙታናቸውንም እዚያው ሲቀብሩ ስንት ዘመን እንደፈጀባቸው የሚያውቅ የለም፤ ሲናድ ግን እኔ ቆሜ አየሁት። ከሦስት ዓመት በፊት ከከተማ ሰዎች መጥተው በሜትር ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ «ሪፖርት እናደርጋለን» ብለው ሄዱ። እስካሁን ድምፃቸው የለም።

ባሕሩን ብቻ እንዳልከስ ደግሞ እኛም አለንበት። ግንበኛህን ምቢሳንን በጠጠር ፋንታ ለሊሾህ የሚሆን ዛጎል ከጉብታው ግርጌ በአህያ ጋሪ ሲዝቅ አገኘሁት። እኔ ያጠራቀምኩት እያለ ምነው ብለው፣ «እትዬ፣ የድሮው ነው ሲሚንቶ የሚይዘው፤ ያንቺማ ገና ዓሣ ዓሣ ይሸታል» ብሎ ሳቀብኝ። ቤትህ እንዲያምርልህ ብዬ ተውኩት። በአራተኛው ጋሪ ከዛጎሉ ጋር የሰው መንጋጋ ከነጥርሱ ግቢያችን ውስጥ ተዘረገፈ።

አክስታችን ኩምባ አልጮኸችም። ሻሿን ፈትታ ጠቀለለችውና «ይቺም እንደኛ ጎንበስ ብላ ስትለቅም የኖረች ናት» እያለች ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጉብታውን የሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ታዲያ ማን መጥቶ እንዲጠግነው ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እናም ላቲር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከባሕር ዛጎል ለቀማ በተመለስኩ ቁጥር ለቤትህ ያጠራቀምኩት፣ ከጓሮው አጥር በላይ የደረሰው ክምር የለም። አሥራ አንድ ሴቶች ሆነን፣ ባሕሩ ሲሸሽ እየጠበቅን፣ በሳፋ ተሸክመን ጉብታው እግር ሥር ደፋነው። ምቢሳን ያወጣውንም መለስን። ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። ታንኳው ላይ የተጋደመ አንድ ጎረምሳ «ባሕርን በሳፋ ልትመልሱ ነው?» ሲለን ኩምባ «አንተንም ያሳደገህ ይሄው ሳፋ ነው፤ ና አንዱን ያዝ!» አለችው። አልተነሳም።

ባለፈው ዓርብ የመጣው ሙላት ከደፋነው ግማሹን ወሰደው። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይይዛል ብዬ አልምልልህም። ጉልበቴ አብጧል፣ እጄ ተሰነጣጥቋል፣ የቤትህ መሠረት ደግሞ ውሃ ቋጥሮ እንቁራሪት ይጮህበታል። ተቆጣ፤ ላብህ ነው፣ አልፈርድብህም። ግን ከዓሣ ስትመለስ የወንዙን አፍ በምን ነበር የምታውቀው? በዚያ ባኦባብ አይደል? እሱ ከወደቀ ቤት ቢኖርህም መግቢያው ይጠፋሃል። ነገ ባሕሩ ሲሸሽ እንደገና እንወርዳለን።

ኩምባ ጉንጭህን ትስማለች። ባለቤቴ መረቡን እየጠገነ ሰላም ይልሃል። ምቢሳን አፍሮ በእኔ በኩል ነው ሰላምታውን የላከው፤ ጋሪውን ግን ለሥራችን ሰጥቶናል። እናታችን ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ተቀምጣ፣ በማያየው ዓይኗ ወደ ባሕሩ ዞራ፣ «ዛፉ አለ?» ትለኛለች። «አለ» እላታለሁ። ስለ ቤቱ አንድ ቀንም ጠይቃኝ አታውቅም። ዛሬም ስለ ዛፉ ጠየቀችኝ፤ ወጥቼ አይቼ ነገርኳት። «ለላቲርም አለ ብለሽ ጻፊለት» አለችኝ።

ይኸው ጻፍኩልህ። አለ።

እህትህ ኝላን
ኒዮማር፣ ሳሉም
ኦክቶበር 14 ቀን 2019