ለዓለምነሽ የሰፋሁት ሽንሽን

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3 ሰዓት

ሦስት የት/ቤት ቀሚስ ቆርጬ አራተኛው ላይ መብራት ጠፋ። ማሽኔ የእግር ነው፣ መብራት አይፈልግም። ዓይኔ ነው የሚፈልገው። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ አንቺን አወጣሁ፣ ደብተር።

ባለቤትሽ እኔ አይደለሁም። ከፊት ያለው የልጄ የዓለምነሽ ነው፤ የልምምድ ቀኗ፣ የዙሯ ሰዓት። ግማሽሽን ሳትሞላ ሄደች። እኔ ከኋላ ገልብጬ ጀመርኩ። የሷን ገጽ መግለጥ አልቻልኩም። ገና።

ሙት ዓመቷ ጥቅምት 23፣ እሑድ ነው። ወ/ሮ ጽጌ፣ የታች ፎቅ ጎረቤቴ፣ ከእድር ስንት ወንበር እናምጣ ልትለኝ ወጣች። አራተኛ ፎቅ ነው ያለሁት። ወንበሩን ሲያወጡ ይውጡ፣ ሲወርዱ የኔን ሬሳ ይዘው ይወርዳሉ አለች እያለከለከች። ሳቅኩ። ዓመት ሙሉ እንደዚያ አልሳቅኩም።

ቀጥላ የሚጠራውን ሰው ቆጠረች። መጨረሻ ላይ ፊቷ ተለወጠ። ያቺ ልጅ እዚህ ደረጃ ላይ እግሯን እንዳታሳርፍ አለች። ጫልቱን ነው። የልጄ የሩጫ ጓደኛ ነበረች። ልጄን ከሩጫው ያስወጣትን ደብዳቤ የጻፈችው እሷ ናት።

ለወ/ሮ ጽጌ ያልነገርኳት አለ። አሰልጣኛቸው ባለፈው ሳምንት ደውለው ነበር። ጫልቱ ለሙት ዓመቱ መምጣት ትፈልጋለች፣ ትፍቀድልኝ ብላለች አሉኝ። አስቤ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። እስካሁን እያሰብኩ ነው።

መብራት መጣ። ወደ ቀሚሱ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ዛሬ ስለ ደረጃው ልጻፍ።

ከጎፋ የቀበሌ ቤት ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ዓለምነሽ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። የግድግዳው ሲሚንቶ ገና ይሸታል። ውኃ በሳምንት አንድ ቀን። እኔ አራት ፎቅ ስወጣ ጉልበቴን እየያዝኩ ነው። እሷ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች።

ት/ቤት ጫልቱን አገኘች። ጫልቱ የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ከለቡ ማዶ። አባቷ አሁን ፎቅ የቆመበት ቦታ ላይ ጤፍ ሲያጭዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እርጎ በትንሽ ጀሪካን ይዛልኝ ትመጣለች። ታዲያ ጀሪካኑን ከታች ለወ/ሮ ጽጌ አስይዘው ሁለቱም ከምድር ቤት ይነሳሉ። በሬን ቀድማ በመዳፏ የመታች አሸነፈች። ቤቱ ይናጋል። ማሽኔ ላይ ያለው ክር ይዘላል።

እትዬ ብርሃኔ ይፍረዱን! ትላለች ጫልቱ፣ ትንፋሿ ሳይመለስ።

እኩል ናችሁ እላለሁ። ሁልጊዜ እኩል። ዓለምነሽ በግማሽ ፎቅ ቀድማትም እኩል ናችሁ። ጫልቱ አንድ ቀን አኮረፈች። እትዬ ያዳላሉ አለች። ለማን እንዳዳላሁ ግን አልተናገረችም።

የመጀመሪያዋን ስፓይክ፣ ባለ ሚስማሯን የሩጫ ጫማ፣ አንዷን ለሁለት ነበር የያዟት። ቁጥር 38። ጫልቱ 1500 ሜትር ሮጣ ትገባና መስመሩ ላይ ቁጭ ብላ ታወልቃለች፤ ዓለምነሽ በባዶ እግሯ ስትጠብቅ ቆይታ ጫማው ሳይቀዘቅዝ ታጠልቃለች፣ ለ800። ሙቀትሽን አበደርሽኝ ትላት ነበር። በኋላ ክለብ ሲገቡ ለየብቻቸው ጫማ ተሰጣቸው። ርቀታቸው ግን አንድ ሆነ። ሁለቱም 800።

ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። አይለያዩም አልኩ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ። ከቤ/ክ መልስ

መካኒሳ አቦ ሄጄ ነበር። የንስሐ አባቴ ለጸሎቱ የክርስትና ስሟን ጻፊልኝ አሉኝ። ወለተ ጻድቅ ብዬ ጻፍኩ።

ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የሚነሱት። እኔ ሰማንያ ቀን ሙሉ ጠብቄ ነው ያስነሳኋት። ዝናብ ነበር። የክርስትና እናቷ በጋቢ ሸፍናት፣ ከጋቢው ውስጥ እግሮቿ ይራገጣሉ። ቄሱ ይቺስ ትሮጣለች አሉ። አሉ ነው የምልሽ!

ወንድ ናት የሚለው ወሬ የወጣ ጊዜ ያንን ሰማንያ ቀን እንደ መታወቂያ ይዤ ዞርኩ። ለሥጋ ሻጩ ነገርኩ። ለእድሩ ዳኛ ነገርኩ። በሰማንያ ቀኗ ነው ያስነሳኋት! ሰው አንገቱን ይነቀንቃል። ዞር ስል ስልኩን ያያል።

አንድ ቀን ከመካኒሳ ወደ ጀሞ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ አወቃት። ፎቶዋን አይቷል። አቶ ዓለምነህ፣ ወራጅ አለ? አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳትደርስ ወርዳ በእግሯ መጣች። እኔ ስሰማ ነደድኩ። እሷ ጫማዋን እያወለቀች፣ ተይው እማ፣ ቢያንስ አቶ ብሎ አክብሮኛል አለችኝ።

ሳቀች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች።

አባ ስንለያይ ቀኑ ሳይደርስ የተቀየምሽው ሰው ካለ ታረቂ አሉኝ። ለሁሉም የሚሉት ነው።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ። ከሰዓት 10 ሰዓት

የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው።

ውድድሩ ከሞቷ አምስት ወር በፊት ነበር። አንደኛ የወጣች ውጭ አገር ሄዳ ትሮጣለች። አንድ ሰው ብቻ። ዓለምነሽ አንደኛ ወጣች። በአንድ እርምጃ አይደለም፣ በብዙ። ጫልቱ ሁለተኛ።

በሳምንቱ ለክለቡ ደብዳቤ ገባ። ይጣራልኝ የሚል። ፊርማው የጫልቱ።

ደም ወሰዱ። ሌላም ምርመራ። ዶክተሯ ጨዋ ሴት ናት፤ በር ዘግታ፣ ወንበሯን ወደኛ አስጠግታ ነገረችን። ሲወለዱ እንዲህ የሚሆኑ ልጆች አሉ አለች። ከውጭ ሴት ናት። ከውስጥ ማኅፀን የላትም። የወንድ ሆርሞን በሰውነቷ ውስጥ ይመረታል፣ ጡንቻዋንም እሱ ነው ያጠነከረው። የማንም ጥፋት አይደለም አለች። ዓለምነሽ ሴት ነኝ አይደል? አለቻት። ነሽ እንጂ አለቻት ዶክተሯ። ከሴቶች ጋር መወዳደር ግን አትችይም።

ከማን ጋር ልትወዳደር ነው? አልኩ እኔ። ከወንዶች ጋር ይፈቀዳል ተባለ። ዓለምነሽ ሳቀች። ከወንዶቹ የመጨረሻው ዙሩን ጨርሶ ላቡን ሲጠርግ እሷ ገና ኩርባው ላይ ናት። ሁለት በር አለ፤ አንዱ ተቆለፈባት፣ ሌላው ሲከፈት ግድግዳ ነው።

ወረቀቱ ከማን እጅ እንደወጣ አይታወቅም። ብቻ ወጣ። ስልክ ለስልክ ዞረ።

ከዚያ ከቡድኑ ጋር መለማመድ ቀረ። መሮጥ ግን አልተወችም። ሲነጋጋ ብቻዋን፣ በአስፋልቱ ዳር ወደ ፉሪ። ከቡድን ጋር ሲሮጡ መኪና ከኋላ ይከተላቸዋል፣ መብራት ያበራላቸዋል። ለብቻዋ ማን ያብራላት። ጭጋግ ነበር። የአሸዋ መኪና።

ዓመት ሙሉ ሁሉንም በጫልቱ አንገት ላይ አንጠልጥዬ ኖርኩ። ባትጽፍ ኖሮ ብቻዋን ባልሮጠች። ብቻዋን ባትሮጥ ኖሮ። ቀላል ሂሳብ ነው።

ዛሬ ስፌት ላይ ሳለሁ ጫልቱ ራሷ በሐሳቤ መጣችብኝ። ከለቡ ማዶ በጭቃ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ፣ ሰባት ዓመት። ላቧ ውኃ ነው እንዴ? ሰባት ዓመት ሙሉ ከፊቷ ያለውን ጀርባ ስታይ፣ ለምን አልደርስባትም ብላ መጠየቋ ነውር ነው?

ነውር ነው ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ። አልጻፍኩም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ገለጥኩት። የሷን ገጽ።

ጽሑፏ ወደ ግራ ያዘነብላል። የአባቷ ነው፣ ነፍሱን ይማር። አብዛኛው ቁጥር ነው። መሃል መሃል ላይ አንድ ሁለት መስመር ወሬ።

እንዲህ ይላል፦ "6 ዙር። ጫልቱ መራች። ሆዷን ቆርጧታል፣ የወር ነገር ነው፣ ግን መራች። እኔ ምንም የሚያመኝ የለም። እማ እድለኛ ነሽ ትለኛለች።"

የውድድሩ ቀን፦ "1ኛ። ጫልቱ 2ኛ። ሳቅፋት እንደ እንጨት ደረቀችብኝ።"

ከምርመራው በኋላ፦ "ጫልቱ ጋ ደወልኩ። አላነሳችም። ብታነሳ ምን ልላት ነበር? አላውቅም ነበር፣ በማርያም አላውቅም ነበር። ቀድሜሽ የገባሁት አታልዬሽ አይደለም። ግን ሁለተኛ የሆንሽው በእኔ ነው፣ እሱም እውነት ነው።"

ከሥሩ ባዶ መስመር። ከዚያ፦ "እማስ ታውቅ ነበር?"

ዘጋሁሽ። ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

አራት ቀን ሸሸሁሽ። ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ ስምንት ዩኒፎርም ጨረስኩ። ጥያቄው ግን ማሽኑ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰው ገላ የማውቀው በሜትር ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ለጥምቀት ቀሚስ ልሰፋላት ለካኋት። ትከሻዋ ካምናው ሰፍቷል። ዳሌዋ እዚያው። ካቻምናም እዚያው። መለኪያ ደብተሬን አገላብጬ አየሁ። እኩዮቿን እሰፋለሁ፤ የእኩዮቿን አውቃለሁ። ሜትሬ አልዋሸኝም።

የወር አበባዋ አልመጣም። በአሥራ አራት አልመጣም፣ በአሥራ ስድስት አልመጣም፣ በአሥራ ስምንትም። የሚሮጡ ሴቶች እንዲህ ናቸው አልኳት። እድለኛ ነሽ አልኳት። ራስ ምታት ብዬ ጠበል ወሰድኳት። ሐኪም ጋ ግን አልወሰድኳትም። ሐኪም ስም ያወጣለታል ብዬ ፈራሁ። ስም የሌለው ነገር ያልፋል ብዬ።

ያደረግኩትን ልንገርሽ። ሽንሽን ሰፋሁ። ነጭ ሻሽ ጨርቅ፣ ከወገቡ ላይ ሦስት ድርብ ሽንሽን፣ ዳሌ እንዲያወጣላት። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? መስታወት ፊት ዞር ዞር አለችና፣ እማ! ዳሌ አወጣሁ! አለች። በሳቅ ሞትን። ጫልቱም ነበረች። ለኔም፣ ለኔም ይስፉልኝ እትዬ አለች። አንቺ ምን ጎደለሽ አልኳት።

ያልኩት ይኸው ነው። አንቺ ምን ጎደለሽ። ዓለምነሽ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ያን ጊዜ ዞር አልኩ።

ከዚያ በኋላ ለሰፋሁላት ቀሚስ ሁሉ ሽንሽን አደረግኩ። አንድ ቀን እንኳ አልጋዋ ላይ አስቀምጬ አላወራኋት። ባወራት ኖሮ፣ ባሳክማት ኖሮ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከእናቷ አፍ ትሰማው ነበር። በሃያ አንድ ዓመቷ ከሐኪምና ከታክሲ ረዳት አፍ አይደለም። ምናልባት ሩጫውን ትተወው ነበር። ምናልባት ለፍቅሩ ብቻ ትሮጥ ነበር፣ ከሰው ጋር፣ መኪና ከኋላዋ እያበራላት። አላውቅም።

ጫልቱ በወረቀት የጠየቀችውን እኔ አምስት ዓመት ቀድሜ በሜትር ጠይቄዋለሁ። መልሱንም አግኝቼ በሽንሽን ሸፍኜዋለሁ።

ልጄ አላታለለችም። ጫልቱም ውሸት አልጻፈችም። እዚያ ደረጃ ላይ እኩል ናችሁ ስላቸው ግን የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ለአሰልጣኙ ደወልኩ። ትምጣ አልኳቸው። እሑድ አይደለም፣ ቅዳሜ፣ ሰው ሳይሰበሰብ። እግዜር ይስጥሽ አሉኝ። ገና ምንም አልሰጠሁም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 9 ሰዓት

ቤቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ወ/ሮ ጽጌ ጫልቱ ዛሬ እንደምትመጣ ስነግራት ጭልፋውን ወርውራ ወረደች። አንቺ ልብ የለሽም! እያለች፣ አራት ፎቅ ሙሉ እየጮኸች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት በሰሃን ላከች። መልእክት የለውም። ሰሃኑ ራሱ መልእክት ነው።

የጥምቀቱን ቀሚስ አወጣሁት። ጠዋት መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ ሽንሽኑን ተረተርኩ። ሦስቱንም ድርብ። ጨርቁ ቀጥ ብሎ ወረደ። ተኮስኩት። የመርፌው ቀዳዳ ግን አልጠፋም፤ በወገቡ ላይ ዙሪያውን ነጥብ ነጥብ ብሎ ቀርቷል። በሩ ላይ ሰቀልኩት። ጫልቱ ስትገባ መጀመሪያ እሱን ታያለች። ከዚያ እነግራታለሁ። አውቅ ነበር እላታለሁ። አንቺ ሳትጽፊ አውቅ ነበር።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጀምርም። ሰምታ ስትጨርስ ማን ማንን ይቅር እንደሚል እሷ ትፍረድ። እስካሁን የፈረድኩት እኔ ነበርኩ፣ በደንብም አልፈረድኩም።

ነገ ጥቁሬን አወልቃለሁ።

አንድ የቀረኝ ነበር፣ እሱንም ጨረስኩ። ከፊት ገለጥኩና ከጥያቄዋ ሥር፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ጻፍኩላት። አዎ ዓለሜ። አውቅ ነበር።

እግር ሰማሁ። ከታች ነው። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ። አንደኛ ፎቅ። ሁለተኛ። ልክ እንደዚያን ጊዜ።

ሦስተኛው ላይ ቀስ አለ። አሁን አንድ በአንድ ነው የሚወጣው። ደረሰ። በሩ ላይ ቆመ።

አትመታውም። ትፈራለች። ተነስቼ እኔው ልክፈትላት።