ስለ ሁለት ዓይነት ግጭት ለተመራጫችን

ለክቡር አቶ አባይነህ ደምሴ
የምክር ቤት ተመራጭና የትራንስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሐረር

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤትዎና ጋራዥዎ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ዕድሜዎ እንዲረዝም በየጠዋቱ እጸልያለሁ። ይህን የጻፍኩት ለወግ ያህል አይደለም፤ ለመጠየቅም ዕድሜ ስለሚያስፈልግ፣ አምላክ ሳይጠየቁ እንዳይወስድብኝ አደራ ብዬዋለሁ።

ገላነሽ እባላለሁ። ባለፈው ጥቅምት ሸዋ በር ላይ ታክሲ ስትጠብቅ ፍሬኑ እምቢ ያለ ሚኒባስ የገደላት የነፃነት እናት ነኝ። ሚኒባሱ የእርስዎ ነው።

ፖሊስ ልጄ የሞተችው በመኪና ግጭት ነው አለኝ። ከለቅሶው በኋላ ደግሞ የወንድሜ ልጅ የእርስዎ ነገር የጥቅም ግጭት እንደሚባል አስረዳኝ። ግጭት ከሆነ ማን ተጎዳ ብዬ ብጠይቀው፣ «በዚህኛው ማንም» አለኝ። እውነቱን ነው። የእኔ ግጭት ልጅ ቀብሯል፤ በእርስዎ ግጭት ግን ጥቅምዎና ሥልጣንዎ ተላተሙ ቢባልም አንዳቸውም አልተጫሩም። ስለዚህ ስለ መትረፋቸው እንኳን ደስ አለዎት እያልኩ፣ ያለብኝን ምስጋና በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. የሚኒባሶች ዓመታዊ ምርመራ በየትኛው ጋራዥ ይደረግ ተብሎ በኮሚቴዎ በተመከረ ጊዜ የራስዎን ጋራዥ ስለመረጡልን አመሰግናለሁ። መራጩም፣ ተመራጩም፣ የሚመረመረው መኪና ባለቤትም እርስዎ በመሆንዎ ብዙ ሰው ከመመላለስ ድኗል። ጉዳዩ የሚነካው አባል ከስብሰባው ይውጣ የሚል ደንብ አለ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እርስዎም ደንቡን አላፈረሱም። ስልክ ለማናገር እስከ በረንዳው ድረስ ወጥተው፣ ድምፅ ሲሰጥ ተመልሰው እጅዎን አወጡ። መውጣትን በእግርም በእጅም የፈጸመ ሌላ ተመራጭ ያለን አይመስለኝም።

፪ኛ. ስለ ቦሎው አመሰግናለሁ። ሬሳ ከተነሣ በኋላ መኪናውን ሄጄ አይቼዋለሁ። የፊት መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል፤ ምርመራውን አልፏል የሚለው ቦሎ ግን እንደተለጠፈ ነው። ፍሬኑ ባይይዝም የጋራዥዎ ሙጫ ይይዛል።

፫ኛ. ለቅሶ ቤት መጥተው ከፊት ተቀምጠው፣ «እትዬ ገላነሽ፣ ይበርቱ እንጂ፤ የእግዜር ፈቃድ ነው» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እግዜር ስለ ራሱ ይመልሳል። ያ መኪና መንገድ ላይ እንዲወጣ ፈቃድ የሰጠው ግን እሱ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

፬ኛውን ማመስገን አቅቶኛል። የአደጋውን መንስኤ የሚያጣራው ጉባኤ ሐሙስ እንደሚቀመጥ፣ ሰብሳቢው እርስዎ፣ ባለሙያው የጋራዥዎ መካኒክ እንደሆነ ሰማሁ። ጥፋቱ የሾፌሩ የሀሚድ ነው ተብሎ እንዲዘጋ ታስቧል። ሀሚድን እስር ቤት ሄጄ ጠይቄዋለሁ። መጀመሪያ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። በአደጋው ቀን ጠዋት ፍሬኑ አልያዘልኝም ብሎ ጋራዥዎ ሲገባ፣ «አቦ ንዳው፣ እየነዳኸው ይላመዳል» ብለው እርስዎ እንደመለሱት ነገረኝ። ልጄን ገድሎ የሚያለቅስ ሰው አየሁ፤ የእርስዎን ዓይን ግን ለቅሶ ቤት ሳየው ደረቅ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ከመቀመጫ መነሣት ከባድ እንዳልሆነ ላስረዳዎት። በሰፈራችን የሴቶች እድር ውስጥ ሸምሲያ የምትባል ጊደር መጋላ ገበያ ድስት የምትሸጥ ጎረቤት አለችን። እድሩ ድስት እንዲገዛ ስንነጋገር ማንም ሳይነግራት ተነሥታ፣ «አቦ እኔ ልውጣላችሁ፤ ስስ ድስት ገዝታችሁ ወጡ ቢያርርባችሁ ግን እንዳታሙኝ» ብላ በር ላይ ከጫማዎቻችን ጋር ተቀመጠች። ከሌላ ሴት ገዛን፤ ሸምሲያም ሳምንት ሙሉ አኮረፈችን። ወጡም አንዳንዴ ያርራል። በዚያ ድስት የተነሣ የሞተ ሰው ግን የለም።

ይቅር እንድልዎት ሽማግሌ ሊልኩብኝ እንደሆነም ሰምቻለሁ። ይምጡ፤ ሽማግሌ ከደጄ አልመልስም። አስቀምጬ፣ ውሃ አቅርቤ፣ ዘመድዎ፣ ተቀጣሪዎ ወይም ባለውለታዎ የሆነ ይውጣልኝ እላለሁ። የሚቀር ሰው ካለ እንነጋገራለን።

ሐሙስ ግን እኛ ሴቶች ሸምሲያን ጨምረን ጥቁር ለብሰን እንመጣለን። ከሰብሳቢው ወንበር ተነሥተው ቃልዎን እንደ ማንኛውም ተጠያቂ ከሰጡ መንገድ እንለቅልዎታለን። ካልተነሡ፣ ሰርግ ሲጠሩ ሰርጉ ላይ፣ ለቅሶ ሲደርሱ ለቅሶው ላይ፣ ድምፅ ሲለምኑም አዳራሹ ውስጥ ከፊትዎ ተቀምጠን ያገኙናል። አንሰድብዎትም፤ አንረግምዎትም። እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ ግን ነፃነት በምን እንደሞተች ከመጀመሪያው ጀምረን እንነግረዋለን። እኔ ሌላ ልጅ ስለሌለኝ የምቸኩልበት ቤት የለኝም።

ከእርስዎ አክብሮት ሳልጠብቅ፣ የሚገባዎትን ሁሉ አንድም ሳይቀር እንዲያገኙ ከልቤ የምመኝልዎት መራጭዎ፣

ገላነሽ፣ የነፃነት እናት

ማስታወሻ፦ ልጆችዎ ትምህርት ቤት የሚመላለሱት በሌላ ሰው ባጃጅ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ደግ አድርገዋል፤ ልጆቹ ምንም አላጠፉም። የእርስዎን ሚኒባሶች በትክክል የመረመረ አንድ ሰው እንዳለ ያወቅሁትም ከዚሁ ነው።