«ውሃ ጠጣህ ወይ?» አትበዪው

ሐሙስ፣ ጥር 14
ከሆስፒታሉ ኮሪደር

የኔ ልጅ፣

«እኛ ደህና ነን» ብዬ እንዳልጀምርልሽ ደህና አይደለንም። አባትሽ ሆስፒታል ተኝቷል። ሲያናግርሽ ቤት ያለ የሚያስመስለው እንዳትደነግጪ ነው፤ እኔንም አፌን በዓይኑ ይዘጋኛል። ስለዚህ ኮሪደር ወጥቼ እጽፋለሁ፤ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።

ሽንት ቤት ሲሄድ ወደቀ። ከዚያ እኔን ሚስቱን «ሲስተር» ይለኝ ጀመር። ሲመረምሩት በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ወርዷል። ጨው! ለደም ግፊቱ እያለ ምግቤን ሁሉ ጣዕም ያሳጣብኝ ሰውዬ! የግፊቱ ኪኒን ጨውን በሽንት ያስወጣል፣ የተረፈውን ደግሞ የውሃ ብዛት ያቀጥነዋል አለችኝ ሐኪሟ። «ይህን ሁሉ ውሃ ማን ጠጣ አለው?» ስትለኝ አንቺ መሆንሽን አልነገርኳትም። ሹፌር ሳለ መንገድ ላይ መቆም እንዳይመጣበት ውሃ የማይነካ ሰው ነበር።

አሁን ውሃ በልክ ነው የተባለው። ጠያቂው ሁሉ ግን ጠርሙስ ተሸክሞ ይመጣል። የአጎትሽ ሚስት «በውሃ ጥም ልትገድዪው ነው?» ብላ በሰው ፊት አዋረደችኝ። ነርሷ ደግሞ «እማማ፣ ይቆጣጠሩት እንጂ!» ትለኛለች። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ብዬ ብቀልድበት እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ትናንት ስልክሽ ሲጮህ የጎረቤቱን በሽተኛ ጠርሙስ አንስቶ ግጥም አደረገው። ብነጥቀው፣ «‹ውሃ ጠጣህ ወይ?› ስትለኝ ልዋሻት?» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ጨዉ እንደገና ወርዶ ተገኘ። በዚሁ ከቀጠለ ራሱን ይስታል አሉኝ።

ተናድጃለሁ፣ ልጄ። በእሱም፣ በአንቺም። እኔ ለምኜው የማይሰማ ሰው፣ አንቺ ከባሕር ማዶ አንድ ቃል ስትይው በርሜል ይጨርሳል። ስለምትወጂው እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ግን ከውሃ ሌላ የምትጠይቂው ነገር የለሽም? «ጠጣህ?» «ጠጣሁ።» «ጎበዝ!» ከዚያ ስልኩ ይዘጋል።

እባክሽ ሌላ ነገር ጠይቂው። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ድሮ አውቶብሱ፣ የፈለግሽውን። ዝም ካለም ቶሎ አትዝጊበት፤ ጠብቂው። «መቼ ነው የምትመጪው?» ሊልሽ ፈልጎ እየተናነቀው ነው ብርጭቆ የሚያነሳው።

በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ።

የተቆጣችው እናትሽ